የመሬት ገመድ

ሲኒማ ቤቱ ሲዘጋ፣ የሦስት ወር ደመወዝ ስላልከፈሉት
ይሄን አምፕሊፋየር ነው ለአባቴ የሰጡት።
ሁለት ወዛደር ተሸክሞት፣ ከፈረንጅ አራዳ እስከ ቦሳ ቂጦ በጭቃ፣
አስራ ሰባት ክረምት ከአልጋ ስር ተኛ፣ የቆርቆሮው ዝናብ ሲደበድብ ሳይነቃ።

ዛሬ ጎትቼ አወጣሁት። ቅዳሜ ነው፤ ደጁ ይዘንባል።
በቀለም ብሩሽ ስጠርገው፣ ከማቀዝቀዣ ክንፎቹ መሃል ደረቅ በረሮ ይወድቃል።
አባቴ ሙዘይን ከወንበሩ አይነሳም፤
ግራ ጆሮው አይሰማም፤
ቀኙም ቢሆን የሚሰማው የፈለገውን ነው።
"ረውዳ፣ ቆይ!" ይላል፣ ገና ሳልነካው።

"ሶኬት መጨረሻ ነው። መጀመሪያ ገመድ፣ ቀጥሎ ፊውዝ፣ ቀጥሎ ቢስሚላሂ።
ድምፁ ዜሮ ላይ መሆኑን በጣትሽ ዳስሺው፤
ሰው የሚያቃጥለው ችኮላ ነው እንጂ ኤሌክትሪክ አይደለም፣ ወላሂ።"

ከሂርማታ መርካቶ የገዛሁትን ሽቦ በሁለት ጣቱ መዝኖ አጣጣለ፦
"ይሄ የጫማ ማሰሪያ ነው! ባሱ በዚህ ሲያልፍ በረሃብ ይሞታል" አለ።
ተመለስኩ። ጫማዬ ውሃ ጠጣ፤
ወፍራም መዳብ፣ ስምንት ሜትር፣ በፌስታል ተጠቅልሎ መጣ።

በምላጭ ላጥኩት። የመዳቡ ጠጉር ተበተነ።
"ጠምዝዢው፤ እንደ ሹሩባ። አንዲት ጠጉር አምልጣ ጎረቤቷን ከነካች፣ ፊውዙ አመድ ሆነ።"
ቀይ ለቀይ፣ ጥቁር ለጥቁር፤ የቀኙ ሳጥን ቀላል ነበር።
የግራው ግን ቀለሙ ተልጦ፣ ሁለቱም ብሎን አንድ ዓይነት ዝገት።
በግምት አሰርኩት።

ሶኬቱን ሰካሁ።
እምምምም…
ሙዚቃ አይደለም። የተቀየመች አማት ማጉረምረም።

"መሬት የለውም" አለ አባቴ። "መሬት የሌለው ሁሉ ያጉረመርማል።
ከጀርባው ብሎን ሽቦ አውጪ፤ በመስኮት ወደ ጓሮ፤ የብረት ዘንግ ቅበሪ፤ ዝናቡ ያራሰው አፈር ይበቃዋል።"
በድንጋይ እየመታሁ ዘንጉን ቀበርኩ፣ እጅጌዬ እስኪጨመቅ ድረስ።
ዝም አለ።
ከአዌቱ ማዶ የነበረችን መሬት፣ መንገድ ያልፍባታል ተብሎ የሄደችው፣ ትዝ አለችኝ፤
እሱም ያሰባት መሰለኝ፤
ስሟ ሲነሳ እንደሚያደርገው ጉሮሮውን ጠረገና
"ካሴቱን ክተቺ" አለኝ።

ቴፑ ባለ ባትሪ ድንጋይ ነው፤ ካሴቱ የአክስቴ ሰርግ።
ዘፋኙ በክፍሉ ሁሉ አለ፣ የትም የለም። ከበሮው ሆድ የለውም።
ግራው ሲገፋ ቀኙ ይስባል፤
አንዱ የተናገረውን ሌላው ይሰርዘዋል፤
በመሃል ወፍራሙ ነገር ይጠፋል።
አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በቀኝ ጆሮው ብቻ፦
"ይኸው! ምን ጎደለው?"
በአንድ ጆሮ ለሚሰማ ሰው፣ ሁለት ድምፅ መጣላቱን ምን ብዬ ልንገረው?

አልነገርኩትም።
ለዐስር ሶላት ሲነሳ አጠፋሁት፤ ሶኬቱን ነቀልኩ፤
በግራው ሳጥን ላይ ቀዩን በጥቁሩ ቦታ፣ ጥቁሩን በቀዩ ተካሁ።

ተመልሶ ተቀመጠ።
ከፈትኩት። ከበሮው ወለል ለወለል መጣ፤ ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆው ተንቀጠቀጠ።
አባቴ እግሩን ከነጠላ ጫማው አወጣ፤ ሲሚንቶው ላይ አሳረፈ፤
ብዙ ቆየ።
"ምን ነካካሽ?"
"ምንም።"
"ዋሾ" አለ። "በእግሬ አልደነቆርኩም።"

ያን ጊዜ መብራት ሄደ።
ዘፈኑ ግን ወዲያው አልተከተለውም፤
ሆዱ ውስጥ ባጠራቀመው፣ እየሳሳ፣ እየወረደ፣ የሙሽራዋን ስም ጀመረ—
አባቴ በጣቱ ይቆጥራል፦ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦ…"
አልጨረሰም፤ ስሙም ቀረ።

"ሲኒማ ቤት እያለን አራት ይቆይ ነበር" አለ በድንግዝግዙ። "አርጅቷል።"
ጅሬን ላይ ነጎደ።
ቴፑ በራሱ ድንጋይ፣ ለማንም ሳያሰማ ይዞራል፤
አክስቴ እዚያ ውስጥ ገና እየተዳረች ነው።
"ሶኬቱን ንቀዪው" አለ አባቴ፤
"ሲመለስ ተቆጥቶ ነው የሚመለሰው።"